ከቁስል ወደ መዋቢያ፦ የመዳብ ፔፕታይድ ታሪክ ከጋምቤላ ሲታይ

በጋምቤላ ሜዳ ከሚኖሩት ሕዝቦች መካከል ኑዌሮች ወንድ ልጅ ከልጅነት ወደ ጎልማሳነት መሸጋገሩን ሲያበስሩ የኖሩት በግንባር ቆዳ ላይ በሚቀረጽ ምልክት ነው። ጋአር በሚባለው በዚህ ሥርዓት ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ጆሮ የሚዘልቁ ስድስት መስመሮች በስለታም ቢላ ይተለተላሉ፤ ወጣቶቹ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ከዕለት ሥራ ተለይተው ይቆያሉ፤ ጠባሳውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ይኖራል። ቢላው ጠልቆ ከመግባቱ የተነሳ ምልክቱ በራስ ቅል አጥንት ላይ ሳይቀር የታየበት ጊዜ አለ። ይህ ሥርዓት በሰፊው በጽሑፍ የታወቀው እንግሊዛዊው የባህል አጥኚ ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1940 ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ እርሱ ኑዌሮችን ያጠናው ከሱዳን በኩል መጥቶ ነበር። ጋምቤላ ራሷም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ሆና የተቆረቆረችና እስከ 1956 ድረስ በሱዳን በኩል ስትተዳደር የቆየች ከተማ በመሆኗ፣ ስለ አካባቢው ሕዝብ የተጻፈው ቀደምት ጥናት በአብዛኛው በዚያው አቅጣጫ የመጣ ነው።

የጋአር ጠባሳ ዕድሜ ልክ የሚቆይበት ምክንያት ቆዳ ራሱን በሚጠግንበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። ቆዳ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ደም ይረጋል፤ ቀጥሎ ጀርሞችንና የሞተውን ሥጋ የሚያጸዱ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ፋይብሮብላስት የሚባሉት፣ የቆዳን ውስጣዊ ማገር የሚሠሩ ሕዋሳት፣ ኮላጅን የተሰኘውን ገመድ መሰል ፕሮቲን መፍተል ይጀምራሉ። ይህ አዲስ ኮላጅን ለወራት እየተጠናከረና እየተስተካከለ ቢሄድም፣ እንደ ቀድሞው ቆዳ በየአቅጣጫው ተጠላልፎ ከመሸመን ይልቅ ወደ አንድ ወገን ስለሚሰለፍ፣ የተጠገነው ቦታ የቀድሞ ጥንካሬውን ሙሉ በሙሉ መልሶ አያገኝም። ጠባሳ የሚባለው ይኸው ነው፤ በኑዌር ግንባር ላይ ሲሆን የክብር ምልክት፣ በአንድ ገበሬ እግር ላይ ሲሆን ደግሞ የደረሰበትን ሥቃይ መዝጋቢ።

መዳብ በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳለው የታወቀው ቀስ በቀስና በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1928 ደም ያነሳቸው አይጦች ብረት ብቻ ሲሰጣቸው እንደማያገግሙ፣ በጥቂቱ መዳብ ሲጨመርበት ግን እንደሚድኑ አሳዩ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ መዳብ በጎደለው ግጦሽ ላይ የሚውሉ በጎች ግልገሎች እየተንገዳገዱ መውደቃቸው ተመዘገበ። በ1968 ፒኔልና ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች ኮላጅንንና ቆዳን የሚያለጥጠውን ኢላስቲን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ኢንዛይም፣ ማለትም የሕዋስን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ መኖሩን ገለጹ። ይህ ኢንዛይም ያለ መዳብ አይሠራም። ከአራት ዓመት በኋላ በሜልበርን ዴቪድ ዳንክስ የተባለ ሐኪም ጸጉራቸው የሚሰባበርና የሚጠቀለል፣ በሕፃንነታቸውም የሚሞቱ ልጆችን ሲመረምር፣ ጸጉራቸው መዳብ የጎደላቸውን በጎች ሱፍ እንደሚመስል ልብ አለ፤ የልጆቹ ሕመም የመዳብ እጦት መሆኑም በዚሁ ተገለጠ። የሐኪም ዓይን ከእረኛ እውቀት ጋር ሲገናኝ ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በኢትዮጵያም በ1980ዎቹ የእንስሳት ጤና ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ከብቶችና በጎች የመዳብ እጥረት እንዳለባቸው የዘገቡ ሲሆን፣ በዚህም ማዕድኑ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት የሚያደርገው ጉዞ የሀገሪቱም ጉዳይ መሆኑ ታይቷል።

የመዳብ ፔፕታይድ ታሪክ በትክክል የሚጀምረው በ1973 ነው። ፔፕታይድ ማለት ጥቂት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች፣ ተያይዘው የሚፈጥሩት አጭር ሰንሰለት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያካሂድ የነበረው ሎረን ፒካርት ይመረምር የነበረው ቆዳን ሳይሆን ጉበትን ሲሆን፣ ጥያቄውም የወጣት ሰው ደም በሸመገለ ጉበት ላይ ምን ያደርጋል የሚል ነበር። ፒካርት እንደገለጸው፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች የተወሰደ የጉበት ሥጋ በወጣቶች የደም ፕላዝማ ውስጥ ሲቀመጥ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች የወጣት ጉበት የሚሠራቸውን መምሰል ጀመሩ። ፕላዝማ ቀያይና ነጫጭ ሕዋሳት ከደም ሲለዩ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። ለውጡን የሚያመጣው ምን እንደሆነ ሲያጣራ የደረሰበት ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት እጅግ ትንሽ ሰንሰለት ላይ ነበር፤ እነርሱም ግላይሲን፣ ሂስቲዲንና ላይሲን ናቸው። ከማርሻል ታለር ጋር ሆኖ ግኝቱን በዚያው ዓመት ኔቸር ኒው ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት አሳተመ። ይህ ሰንሰለት ለምን ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው ማብራሪያ የተሰጠው ደግሞ በ1980 ሲሆን፣ ፒካርትና ባልደረቦቹ በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ፔፕታይዱ መዳብን አጥብቆ እንደሚይዝና ማዕድኑን ወደ ሕዋስ ለማስገባት ሳይረዳ እንደማይቀር ሐሳብ አቀረቡ። በሌላ አነጋገር ፔፕታይዱ ራሱ መድኃኒት ከመሆን ይልቅ የመዳብ ተሸካሚ ሆኖ ታየ፤ መዳብ ያለ ተሸካሚ በብዛት ሲገኝ ሕዋስን የሚጎዳ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ጥናቱ ወደ ቆዳ አቀና። በ1985 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ይህንኑ ግኝት ወደ መድኃኒት ለመለወጥ ፕሮሳይት የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1988 በፈረንሳይዋ ሬምስ ከተማ የሚሠሩት ፍራንሷ-ግዛቪየር ማካርና ባልደረቦቻቸው ከፒካርት ጋር ሆነው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚያድጉ ፋይብሮብላስቶች መዳብ የተሸከመው ፔፕታይድ በጣም በአነስተኛ መጠን ሲሰጣቸው ብዙ ኮላጅን እንደሚሠሩ አሳዩ፤ በ1993 ደግሞ ያው ውጤት በአይጦች ቁስል ላይ ተደገመ። ማካር ያቀረቡት ማብራሪያ እስከ ዛሬ የሚማርክ ነው፦ ግላይሲን፣ ሂስቲዲንና ላይሲን በዚሁ ቅደም ተከተል በራሱ በኮላጅን ሰንሰለት ውስጥ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ቆዳ ሲቆስልና ኮላጅኑ ሲቆራረጥ ይህ ፔፕታይድ ከፍርስራሹ ሊወጣና ቁስሉን የሚጠግኑትን ሕዋሳት ሊጣራ ይችላል። የፈረሰ ቤት እንጨት አናጺውን እንደመጥራት ያለ አሠራር ነው፤ ሐሳቡ በሰው ቁስል ላይ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ ባይሆንም።

በእነዚሁ ዓመታት በጋምቤላ ሌላ ዓይነት የቆዳ ቁስል ነበር፤ እርሱን ለመዝጋት ግን ፔፕታይድም ሆነ ሌላ መድኃኒት አልነበረም። ጊኒ ዎርም የሚባለው ተውሳክ ወደ ሰው የሚገባው በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ የውሃ ቁንጫዎች ያሉበት የኩሬ ውሃ ሲጠጣ ነው። ቁንጫዎቹ የተሸከሙት እጭ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ካደገ በኋላ፣ እስከ አንድ ሜትር የምትረዝመው ሴቷ ትል ብዙውን ጊዜ በባትና በእግር መዳፍ በኩል ቆዳውን ታሳብጣለች፤ እብጠቱ ውሃ ይቋጥርና ይፈነዳል፤ ነጭ ክር የመሰለው የትሉ ጫፍም ብቅ ይላል። ቃጠሎው እሳት እንደነካው ስለሚያንገበግብ ሕመምተኛው እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ትሏም ያን ጊዜ እልፍ አእላፍ እጮችን ወደ ውሃው ትለቃለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ሕመም በዚሁ ይዘራል። ትሏን በጉልበት መሳብ አይቻልም፤ ከተበጠሰች ቁስሉ ያመረቅዛልና። ስለዚህ በትንሽ እንጨት ወይም በፋሻ ላይ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተጠቀለለች ትወጣለች፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ቆዳው ክፍት ነው፤ ገበሬው አያርስም፣ እናት ውሃ አትቀዳም፣ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም። የሚከላከል ክትባት የለም፤ አንዴ የታመመ ሰውም ዳግመኛ ላለመታመም አቅም አያገኝም።

በ1986 በአፍሪካና በእስያ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓመት በዚህ በሽታ እንደሚያዙ ተገምቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታው እንዲጠፋ ወሰነ፤ የካርተር ማዕከልም ዘመቻውን መምራት ጀመረ። በኢትዮጵያ የማጥፋት ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1994 በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ 1,252 ሕመምተኞች ተመዘገቡ። የተያዘው መንገድ መድኃኒትን ሳይሆን ውሃን የሚከተል ነበር፦ ውሃ በጥቅጥቅ ጨርቅ ማጣራት፣ ለአዳኞችና ለማር ቆራጮች በአንገት የሚንጠለጠል የቱቦ ማጣሪያ መስጠት፣ ኩሬዎችን ቴሜፎስ በተባለ የውሃ ቁንጫ ገዳይ ማከም፣ ትል የወጣበትን ሰው ከኩሬ አርቆ ቁስሉን በፋሻ መሸፈን። የመንደር በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በየሰዉ እግር ላይ እብጠት ይፈልጉ ነበር፤ ያ ሥራ ከየትኛውም ቤተ ሙከራ ያላነሰ ትጋት ይጠይቃል።

በዚያው 1994 የመዳብ ፔፕታይድ ወደ ሰው ቁስል መድኃኒትነት በጣም የተጠጋበት ውጤት ታተመ። በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ደንዝዞ በውስጥ እግራቸው ላይ ቁስል በወጣባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መዳብ የተሸከመው ፔፕታይድ ያለበት ጄል በተቀባው ወገን የቁስሉ ስፋት መካከለኛ መጠን 98.5 በመቶ ሲዘጋ፣ ባዶ ጄል በተቀባው ወገን 60.8 በመቶ ብቻ መዘጋቱን ሙልደርና ባልደረቦቹ ዘገቡ። ይሁን እንጂ ከዚህ ተስፋ የሚቃረን ውጤትም ነበር፤ በ1992 የታተመ ሌላ ጥናት በደም ሥር ችግር በባት ላይ የሚወጣን ቁስል ሲመረምር የመዳብ ፔፕታይዱን ቅባት ብር ካለበት የተለመደ ቅባት ያነሰ፣ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ቅባትም ያልተሻለ ሆኖ አግኝቶት ነበር። የኩባንያው ተከታይ ትልቅ ሙከራም የተጠበቀውን ሳያሳይ ቀረ፤ ፔፕታይዱ የታዘዘ የቁስል መድኃኒት ሆኖ ሳይመዘገብ፣ እንደ ቁስል መሸፈኛ ጄልና እንደ ቆዳ መንከባከቢያ ወደ ገበያ ወጣ።

የደነዘዘ እግር ቁስል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 የተመሠረተው የአለርት ማዕከል የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሲያክም የኖረው ከዚሁ ችግር ጋር እየታገለ ነው፤ ነርቩ የሞተ እግር ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው በቁስሉ ላይ ይራመዳል፣ ቁስሉም አይዘጋም። በማዕከሉ ትልቁ መፍትሔ የተገኘው ከቅባት ሳይሆን ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ከማንሳት፣ እግርን በየዕለቱ ከመመርመርና በራሱ ወርክሾፕ ልዩ ጫማ ከመሥራት ነው። የመዳብ ፔፕታይድ ጥናቶች ውጤት ከቦታ ቦታ የመለያየቱ አንዱ ምክንያትም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ቁስሉን የሚከፍተው ነገር ሳይወገድ ኮላጅን እንዲሠራ ማነሳሳት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደማደስ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፔፕታይዱ ዋና ገበያ የቁስል ክፍል መሆኑ ቀርቶ የመዋቢያ ሱቅ ሆነ። ለዚህ መሠረት የሆነው ፒካርት የጠቀሰው አኃዝ ሲሆን፣ በዚህ መሠረት የፔፕታይዱ መጠን በ20 ዓመት ሰው ፕላዝማ ውስጥ በሚሊ ሊትር 200 ናኖ ግራም ያህል ሆኖ በ60 ዓመት ወደ 80 ይወርዳል። ናኖ ግራም የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዕድሜ የቀነሰውን በቅባት መመለስ ይቻላል የሚል ሐሳብ ተስፋፋ። በ2002 በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የቀረበ የ71 ሴቶች ጥናት ፔፕታይዱ ያለበት የፊት ክሬም ለ12 ሳምንታት ሲቀባ የቆዳ ልስላሴንና ጥንካሬን እንዳሻሻለ ገለጸ። በ2006 ደግሞ በሌዘር ፊታቸውን ባስላጡ 13 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በመለኪያ ሲታይ የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ ይሁን እንጂ ክሬሙን የተቀቡት ሰዎች በቆዳቸው ይበልጥ መደሰታቸውን ተናገሩ። እነዚህ ጥናቶች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ተሳታፊዎቻቸው አነስተኛ፣ አንዳንዶቹም ከሻጮች ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ መዳብ በቆዳ ሥራ ውስጥ ድርሻ አለው ከሚለው እውነት ተነሥቶ ይህ ክሬም የቆዳ ሽምግልናን ይመልሳል ወደሚለው መዝለል ከማስረጃው መቅደም ነው። ሦስቱን አሚኖ አሲዶች ከቆዳው የላይ ቅርፊት አሳልፎ ፋይብሮብላስት ወዳለበት ጥልቀት ማድረስ ራሱን የቻለ ችግር ነው። የፊት ቆዳን ከሁሉ በላይ የሚያስረጀው የፀሐይ ጨረር ነው፤ እርሱን መከለል ደግሞ ከየትኛውም ፔፕታይድ ይልቅ የተረጋገጠ ነው።

ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ የምትለውና ፀሐይ የሚበረታባት ጋምቤላ ለቆዳዋ ያላት ነባር መድኅን ከዛፍ ይገኛል። በክልሉ ሺያ የሚባለው ዛፍ ምሥራቃዊ ዘር ይበቅላል፤ ሴቶች ፍሬውን ለቅመው፣ አድርቀውና ፈጭተው ዘይቱን ያወጣሉ። የዚህ ዘር ቅቤ ከምዕራብ አፍሪካው የበለጠ ኦሊክ አሲድ ስላለው በሙቀት ለስላሳና ፈሳሽ ይሆናል፤ የቆዳን ድርቀት ይከላከላል፣ ርጥበቱንም ይይዛል፤ ሽምግልናን ግን አያስቀርም።

በጋምቤላ የቁስሉ ታሪክ በዚህ መሀል ሌላ መንገድ ሄደ። በ2007 ኢትዮጵያ አንድም ሀገር በቀል የጊኒ ዎርም ሕመምተኛ ሳትመዘግብ ቀረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን በጎግ ወረዳ ዙሪያ በሽታው ሳይታይ መቆየቱ ተገልጦ 41 ሰዎች ተገኙ። ቁጥሩ እንደገና እየወረደ ከ2014 እስከ 2016 በየዓመቱ ሦስት ሰዎች ብቻ ሆነ። ትሏ በውሾችና በጎግና በአቦቦ ጫካ በሚኖሩ ዝንጀሮዎች ላይ መታየቷ ግን የዘመቻውን ስሌት ለወጠ፤ ዝንጀሮን ውሃ አጣርተህ ጠጣ ማለት አይቻልምና። በ2017 በአቦቦ በሚገኝ እርሻ ላይ ከሌላ አካባቢ የመጡ የቀን ሠራተኞች ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው 15 ሰዎች ታመሙ። በ2018ና በ2019 አንድም ሰው አልተያዘም፤ በ2020 ግን 11፣ በ2021ና በ2022 አንድ አንድ ሰው ተገኘ። ውሾችን በሰንሰለት ማሠር፣ በመንደርም በእርሻም ማጣሪያ ማከፋፈልና ለሚጠቁም ሰው የገንዘብ ሽልማት መስጠት የቀን ተቀን ሥራ ሆነ።

በ2010ዎቹ የፔፕታይዱ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ዞሩ፤ ፒካርትና ባልደረቦቹ በዘረመል መረጃ ቋቶች ላይ ባደረጉት ስሌት ፔፕታይዱ በብዙ ሺህ የሰው ዘረመሎች ሥራ ላይ ለውጥ እንደሚያደርግ ገለጹ፤ ይህ ግን በሕይወት ባለ ሰው ላይ የታየ ፈውስ ሳይሆን በሕዋሳት መረጃ ላይ የተመሠረተ ምልክት ነው። በዚሁ ምልክት ተበረታትተው ፔፕታይዱን በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ሲበዙ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 በመርፌ የሚሰጠውን መዳብ የተሸከመ ፔፕታይድ የደኅንነት ሥጋት ካለባቸው ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

በዚያው 2023 በኢትዮጵያ በጊኒ ዎርም የተያዘ ሰው አልተመዘገበም። ሀገሪቱ ከበሽታው ነፃ ናት የሚለውን ማረጋገጫ ከዓለም ጤና ድርጅት ለማግኘት ግን ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዓመታት ሰውም እንስሳም ሳይያዝ ማለፍ አለበት። ስለዚህ በጎግና በአቦቦ በጎ ፈቃደኞች እስከ ዛሬ ኩሬ ለኩሬ እየዞሩ ቴሜፎስ ይጨምራሉ፣ የውሾችን እግርና ሆድ ይፈትሻሉ፣ ወደ ጫካ ለሚሄድ አዳኝም የቱቦ ማጣሪያውን በአንገቱ ያጠልቁለታል።